ከብቅል እስከ ቆርኪ፦ ሆፕስ የበዛበት ፔል ኤል በቤት ውስጥ አጠማመቅ

ጠላ ሲጠመቅ እያየ ላደገ ሰው ቢራ መጥመቅ ፈጽሞ እንግዳ የሆነ ሥራ አይደለም። ገብሱም፣ ብቅሉም፣ እርሾውም ከጓዳችን የሚታወቁ ነገሮች ናቸው። ልዩነቱ ያለው መራራው ነገር በሚገባበት ሁኔታ ላይ ነው። ጌሾ ከጥንስሱ ጀምሮ ከብቅሉ ጋር አብሮ ስለሚብላላ ምሬቱን ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ሆፕስ የሚባለው የሐረግ አበባ ግን ካልፈላ ደህና ምሬት አይሰጥም፣ ብዙ ከፈላ ደግሞ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ተኖ ይሄዳል። ምክንያቱም አልፋ አሲድ የተባለው የሆፕስ ሙጫ በውሃ ውስጥ የሚሟሟውና የሚመረው በሙቀት ቅርጹ ከተለወጠ በኋላ ሲሆን፣ መዓዛውን የያዘው ዘይት ግን በዚያው ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ፔል ኤል የተባለውን ሆፕስ የበዛበት የቢራ ዓይነት የሚጠምቅ ሰው አንዱን ሆፕስ ለምሬቱ ቀድሞ፣ ሌላውን ለመዓዛው ዘግይቶ ይጨምራል። በዚህ መመሪያ የተዘረዘረው ሁሉ ይህን የጊዜ ክፍፍል ለማገልገል የተሰናዳ ነው።

ፔል ኤል በትውልዱ እንግሊዛዊ ነው። በርተን አፖን ትሬንት የምትባለው ከተማ የጉድጓድ ውሃ በተፈጥሮው ጀሶ የበዛበት ስለሆነ የሆፕሱን ምሬት ጥርት አድርጎ ያወጣ ነበር፤ ከተማዋም በዚሁ ቢራ ስሟ ገነነ። እኔ እዚህ የምገልጸው ግን አሜሪካዊውን ዓይነት ነው። ካስኬድ የተባለው የሆፕስ ዝርያ በ1972 ለገበሬዎች ተለቀቀ፤ በ1980 ደግሞ በካሊፎርኒያ፣ በቺኮ ከተማ የተቋቋመው ሲዬራ ኔቫዳ ቢራ ፋብሪካ በዚህ ዝርያ የተጠመቀ ፔል ኤል አወጣና መንገዱን ከፈተ። የካስኬድን ሽታ ለማያውቅ ሰው፣ የብርቱካን ልጣጭ በጣት ሲታጠፍ የሚረጨውን ቅባት ያስታውስ፤ ከሥሩ የጥድ ሙጫ የመሰለ ነገርም አለበት።

ሕጉን በተመለከተ፣ በአሜሪካ በ1978 በወጣና በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ በዋለ የፌዴራል ሕግ መሠረት አንድ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤት እስከ 200 ጋሎን ቢራ ያለ ቀረጥ ለራሱ መጥመቅ ይችላል። መሸጥ ግን አይቻልም። በኩዌትና መሰል የአልኮል መጠጥ በሕግ በተከለከለባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ወገኖች ይህን መመሪያ ለዕውቀት ብቻ አንብቡት።

ከመጀመር በፊት

ለ20 ሊትር ቢራ የሚያስፈልገው 4.3 ኪሎ ግራም ሁለት ረድፍ ከሆነ ገብስ የተዘጋጀ ነጣ ያለ ብቅልና 300 ግራም ክሪስታል ብቅል ነው። ክሪስታሉ ገና እርጥብ ሳለ የተቆላ ብቅል ስለሆነ ለቢራው የመዳብ መልክና ትንሽ የካራሜል ጣዕም ይሰጠዋል። ብዙ ሰዎች ግማሽ ኪሎና ከዚያ በላይ ያደርጉታል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከ300 ግራም ሲያልፍ ጣፋጭነቱ የሆፕሱን መዓዛ ይሸፍነዋል። ከሆፕስ በኩል 12 በመቶ ገደማ አልፋ አሲድ ያለው ማግነም 20 ግራም፣ 6 በመቶ ገደማ ያለው ካስኬድ 105 ግራም ይዘጋጃል። የአልፋ አሲዱ መጠን በየዓመቱ ምርት ስለሚለያይ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ማግነሙ 10 በመቶ ብቻ ከሆነ 24 ግራም ይሆናል ማለት ነው። እርሾው 11.5 ግራም የሚመዝን አንድ ፓኬት ደረቅ የኤል እርሾ ነው፤ ዩኤስ-05 የሚባለው ጣዕሙ ንጹሕ ስለሆነ ሆፕሱን አይሻማም። የእንጀራ ወይም የዳቦ እርሾ ይህን ቦታ አይተካም።

ብቅሉን የሚሸጡት ሱቆች ሲጠየቁ ይፈጩታል። መሸርከት አለበት እንጂ ዱቄት መሆን የለበትም፤ ፍሬው ሦስት ወይም አራት ቦታ ተሰብሮ ገለፈቱ ግን ሳይደቅ መቅረት አለበት፤ በኋላ ውሃው የሚጠለለው በዚያው ገለፈት ነውና። እፍኝ ሽርክት ወስዶ ማየት ይገባል፤ ያልተነካ ሙሉ ፍሬ በብዛት ከታየ እንደገና እንዲያሳልፉት ይጠይቁ። ስኳሩ ከተጠበቀው ያነሰበት ጀማሪ ሁሉ ጥፋቱን በእርሾው ላይ ይለጥፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው ወፍጮው ነው።

ከዕቃ በኩል 35 ሊትር የሚይዝ ቧንቧ ያለው የበረዶ ሳጥን፣ በውስጡ የሚነጠፍ ትልቅ የናይለን ማጥለያ ከረጢት፣ 35 ሊትር የሚይዝ ብረት ድስት፣ ውሃ የሚሞቅበት ሁለተኛ ድስት፣ ለምግብ የተሠራ 25 ሊትርና ከዚያ በላይ የሚይዝ ባለ ክዳን ባልዲ ከነማስተንፈሻው፣ ቴርሞሜትር፣ የእፍጋት መለኪያ የሆነው ሃይድሮሜትር፣ ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ለማቀዝቀዣ የመዳብ ጥቅልል ቱቦ፣ ቢራውን ከዕቃ ወደ ዕቃ የሚያጋባ ቀጭን ጎማና ቆርኪ መግጠሚያ ያስፈልጋል። የአፓርትመንት የኤሌክትሪክ ምድጃ 26 ሊትር ውሃ ማፍላት ስለሚያቅተው፣ እኔ በሁለት ድስት ከፍዬ በሁለት እሳት ላይ አፈላዋለሁ፤ ሆፕሱንም እንደዚያው እከፍለዋለሁ።

ስለ ውሃ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በዋሽንግተን አካባቢ እንደሚታየው ብዙ የከተማ ውሃ በክሎራሚን የታከመ ነው። ክሎራሚን እንደ ክሎሪን ውሃውን አሳድሮ ወይም አፍልቶ በቀላሉ አይለቅም፤ ከብቅሉ ጋር ሲገናኝም ቢራውን የቁስል ፕላስተር የመሰለ ሽታ ይሰጠዋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ካምደን የሚባለውን እንክብል ግማሹን ፈጭቶ ለቀኑ በሚያስፈልገው 31 ሊትር ውሃ ላይ በጥብጦ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል። ውሃው ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድን ያነሰበት ከሆነ ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ለምግብ የተዘጋጀ ጀሶ ይጨመርበት፤ ለግንባታ የሚሸጠውን ጀሶ ግን በምንም ሁኔታ እንዳይነኩት።

የጠመቃው ቀን

ለዚህ ሥራ ስድስት ሰዓት ያህል መመደብ ያስፈልጋል። በቅድሚያ 14 ሊትር ውሃ እስከ 72 ወይም 73 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። የበረዶ ሳጥኑ በፈላ ውሃ ተለቅልቆ ሞቅ ካለ በኋላ ከረጢቱ ይነጠፍበታል፤ ውሃው ይገባና ሽርክቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተበተነ በረጅም ማማሰያ ይማሰላል። ሽርክቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀቱን ወደ 66 ዲግሪ ያወርደዋል፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። እንደ ገንፎ እንቁር እንዳይሠራ እያንዳንዱ ጉብታ መሰበር አለበት፤ ውስጡ ደረቅ የቀረ ዱቄት ስኳር አይሆንምና።

ስለ 66 ዲግሪ ትንሽ ማብራራት ይገባል። ብቅሉ ውስጥ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡ ሁለት ኢንዛይሞች አሉ። አንደኛው ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ሙቀት በደንብ ይሠራና እርሾ ሙሉ በሙሉ የሚበላውን ስኳር ያወጣል፤ ሁለተኛው ከ68 እስከ 72 ባለው ይበረታና እርሾ የማይደፍረውን፣ ለቢራው ውፍረት የሚሰጠውን ያስቀራል። 66 ላይ ሁለቱም ይሠራሉ። 63 ላይ ከዋለ ቢራው ደረቅና ቀጭን ይሆናል፤ 70 ላይ ከዋለ ወፍራምና ጣፋጭ ይሆናል። የጠላ ባለሙያ እናቶች ይህን ሁሉ በጣታቸው ይለኩት ነበር፤ እኛ ግን የእነርሱ ጣት ስለሌለን ቴርሞሜትሩን ማመን ይሻለናል።

ክዳኑ ተዘግቶ፣ ብርድ ልብስም ተደርቦበት አንድ ሰዓት ይቆያል። በመካከሉ አንድ ጊዜ ብቻ ከፍቶ ማማሰል ይበቃል። ሰዓቱ ሲሞላ በነጭ ሳህን ላይ አንድ ማንኪያ ጠብ ይደረግና ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የአዮዲን ጠብታ ይጨመርበታል። አዮዲኑ ቡናማ መልኩን እንደያዘ ከቀረ ስታርቹ ስኳር ሆኗል፤ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ግን ሌላ ሃያ ደቂቃ ይጠብቁ። የተፈተነበት ማንኪያ ይደፋል እንጂ ወደ ሳጥኑ አይመለስም።

ከዚያ ቧንቧው በቀስታ ተከፍቶ፣ የመጀመሪያው ሁለት ሊትር ድፍርስ ስለሚሆን ከላይ ተመልሶ ይፈስሳል፤ ጥርት ሲል ወደ ድስቱ ይወርዳል። ይህ ጣፋጭ የብቅል ውሃ በጠማቂዎች ቋንቋ ዎርት ይባላል። ሽርክቱ በኪሎ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ጠጥቶ ስለሚያስቀር የሚወርደው ዘጠኝ ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። የቀረውን ስኳር ለማጠብ 77 ዲግሪ የሞቀ 17 ሊትር ውሃ ይጨመርና ተማስሎ አሥር ደቂቃ ካረፈ በኋላ እንደገና ይወርዳል። የማጠቢያው ውሃ ከዚህ በላይ ከሞቀ ከገለፈቱ ውስጥ አፍ የሚያደርቅ፣ ብዙ የቆየ ሻይ የመሰለ ጣዕም ሊያወጣ ይችላል። ሁለቱ ሲደመሩ 26 ሊትር ተኩል ያህል ይሆናሉ። አተላውን መጣል አያስፈልግም፤ ለከብት የሚስማማ መኖ ነው፣ እፍኝ ያህሉ በድፎ ዳቦ ሊጥ ውስጥ ሲገባም ጥሩ ይሆናል። ሆፕስ የነካውን ዝቃጭ ግን ውሻ እንዳያገኘው ይጠንቀቁ፤ ሆፕስ ውሻን እስከ ሞት ሊያደርስ የሚችል መርዝ ነው።

ዎርቱ ሊፈላ ሲቃረብ አረፋው ባንዴ ተነሥቶ ይገነፍላል። በዚህ ሰዓት ስልክ አንሥቶ ወደ ሳሎን መሄድ ምድጃውን የሚያጣብቅ ጥፋት ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ የሚረጭ ዕቃ በእጅ ይዞ መቆም ይሻላል። አረፋው ሲወርድና ፕሮቲኑ እንደ ተበተነ እንቁላል ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሲንሳፈፍ የስልሳ ደቂቃው ቆጠራ ይጀምራል፤ 20 ግራሙ ማግነምም ይገባል። የቢራው ምሬት አብዛኛው ከዚህ ይመጣል። ክዳኑ ግን ክፍት ይሁን፤ ከነጣ ብቅል የሚወጣ፣ የተቀቀለ በቆሎ የሚሸት ነገር ከእንፋሎቱ ጋር መሄድ አለበትና።

ሊጠናቀቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው 25 ግራም ካስኬድ ይጨመራል፤ እሳቱ እንደጠፋም ሌላ 30 ግራም ገብቶ ተማስሎ ለሃያ ደቂቃ ይቀመጣል። ቤቱ ሁሉ በሆፕስ የሚሸተው በዚህ ጊዜ ነው። የቀረው 50 ግራም በኋላ ስለሚያስፈልግ አየሩ ወጥቶ ታሽጎ ማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ውስጥ ይቀመጥ። የሆፕሱን እንክብል በሁለት ጣት መካከል አድቅቀው ያሽቱት፤ አረንጓዴ ሆኖ ብርቱካን ብርቱካን ካለ ደህና ነው፣ ቡናማ ሆኖ የቆየ አይብ ከሸተተ ግን አርጅቷል።

ይህን በአዲስ አበባ ለሚሞክር ሰው አንድ ማስተካከያ አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አልፋ አሲዱ በዚህ ሙቀት የሚለወጠው በእጅጉ ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ የማግነሙን መፍላት ወደ ዘጠና ደቂቃ ማራዘምና መጠኑንም ወደ 25 ግራም ከፍ ማድረግ ይገባል። ለመዓዛ የሚገባው ሆፕስ ግን ባለበት ይቆያል፤ እንዲያውም ዝቅ ያለው ሙቀት ለእርሱ ይስማማዋል።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ዎርቱን የሚነካ ዕቃ ሁሉ ከተሐዋስያን የጸዳ መሆን አለበት። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትገው በወይራ የሚያጥኑት ለሽታው ብቻ አልነበረም። እዚህ ሁለት ሥራ አለ፤ አንደኛው እድፉን ማጠብ፣ ሁለተኛው የታጠበውን ማምከን። ስታር ሳን የሚባለው አሲዳማ ማምከኛ በሊትር ውሃ 1.6 ሚሊ ሊትር ያህል ተበጥብጦ ባልዲው፣ ክዳኑ፣ ጎማውና የእርሾው ፓኬት የሚቀደድበት መቀስ ሳይቀር ይነከርበታል፤ አረፋው መታጠብ አያስፈልገውም። የመዳቡ ጥቅልል ግን መፍላቱ ሊያበቃ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ድስቱ ውስጥ ቢገባ እዚያው ይመክናል።

በጥቅልሉ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ እየሄደ ዎርቱ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ ዝቃጩ በድስቱ ሥር እንዲቀር ተደርጎ ወደ ባልዲው ይቀዳል። የሃይድሮሜትሩ ንባብ 1.050 አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ ባልዲውን ለአምስት ደቂቃ እንደ ቅል መናጥ ነው። በዚህ ሰዓት አየር ለእርሾው ይጠቅመዋል፤ ከነገ ጀምሮ ግን አየር የቢራው ጠላት ይሆናል። እርሾው ከላይ ተበትኖ ባልዲው ይዘጋል።

ማብላላት

ባልዲው ጨለማና ከ18 እስከ 20 ዲግሪ የሆነ ቦታ ይፈልጋል። በአንድ ቀን ውስጥ ማስተንፈሻው ብጥ ብጥ ማለት ይጀምራል፤ የሚብላላው ነገር ራሱን ስለሚያሞቅ የባልዲው ውስጥ ከክፍሉ ጥቂት ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። በበጋ ባልዲውን ሰፋ ባለ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ እርጥብ ፎጣ ማልበስ ሙቀቱን ዝቅ ያደርገዋል። ከ24 ዲግሪ በላይ የተብላላ ፔል ኤል ሙዝና የቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ስለሚሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚደረግ ጥንቃቄ ከኋለኛው ሁሉ ይበልጣል።

የማስተንፈሻው ዝም ማለት ሥራው ለማለቁ ማስረጃ አይሆንም። አሥር ቀን ገደማ ሲሆን በሃይድሮሜትር ይለካል፤ በሁለት ቀን ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ንባቦች እኩል ሆነው 1.010 እስከ 1.012 ላይ ከቆሙ እርሾው ጨርሷል፤ አልኮሉም 5 በመቶ ገደማ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የቀረው 50 ግራም ካስኬድ ክዳኑ ለአጭር ጊዜ ተከፍቶ ይበተናል፤ ሦስት ቀን ይበቃዋል። ሙቀት ስለሌለ ምሬት ብዙም አይጨምርም፤ መዓዛውን ግን በሙሉ ይሰጣል። ከአምስት ቀን በላይ ሲቆይ የሣር ጣዕም ማውጣት ይጀምራል።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ሆፕስ የራሱ ኢንዛይም ስላለው እርሾው ትቶት የነበረውን ስኳር እንደገና ሊሰብርለትና መብላላቱን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ይህን ሳላውቅ ሆፕሱን በጨመርኩ በሁለተኛው ቀን፣ ሳልለካ ወደ ጠርሙስ ሞላሁት። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ቁም ሳጥኔ ውስጥ ሁለት ጠርሙሶች ፈነዱ፤ ከጋቢዬ ላይ ስብርባሪ መልቀም አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ከሆፕሱ በኋላም ንባቡ መቆሙን ሳላረጋግጥ ቆርኪ አልነካም።

ወደ ጠርሙስ

ከባልዲው 19 ሊትር ያህል ጥሩ ቢራ ይወጣል። ጋዝ እንዲኖረው 118 ግራም ተራ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውሃ ፈልቶ ከበረደ በኋላ በመከነ ሌላ ባልዲ ሥር ይፈስሳል፤ ቢራውም በጎማ ጫፉ ከሥር እንዲገባ ተደርጎ በጸጥታ ይጋባበታል። መንቦጫረቅ አየር ስለሚያስገባ መዓዛውን በሳምንታት ውስጥ ወደ እርጥብ ካርቶን ሽታ ይለውጠዋል። ጎማውን በአፍ መምጠጥም አይገባም፤ በማምከኛው ሞልቶ ማስጀመር ይቻላል።

ጠርሙሶቹ ቡናማ ይሁኑ፤ ብርሃን የሆፕሱን መራራ ነገር ሰብሮ መጥፎ ሽታ ያመጣል። በእጅ የሚጠመዘዝ ክዳን የነበራቸው ጠርሙሶች ቆርኪ በደንብ አይዙም። ከአንገቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ተትቶ ይሞላና ቆርኪው ይገጠማል። ግማሽ ሊትር ከሚይዘው 38 ጠርሙስ ገደማ ይደርሳል። 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቦታ፣ ለጥንቃቄም ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቀመጣሉ። በሳምንቱ አንዱን አቀዝቅዞ መክፈት ይቻላል፤ ጋዙ ገና ቢሆንም ትዕግሥት የሌለው ሰው አለና።

ጎምዛዛ ሆኖ ከተገኘ ማምከኑ ላይ ጉድለት ነበረ፤ ከቧንቧው ውስጥና ከጎማው ጠባሳ ይጀምሩ፣ የተጫረ ፕላስቲክ አይጸዳምና በአዲስ ይተካ። ቅቤ ከሸተተ እርሾው ሥራውን ሳያጠናቅቅ ተቋርጧል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ይጨመርለት። ምሬቱ ደህና ሆኖ መዓዛው ከጠፋ ወይ ሆፕሱ ያረጀ ነበር፣ ወይ አየር ገብቶበታል። እንደ ጠጅ ማስረጀትም አይገባም፤ ፔል ኤል ከሁለት ወር በኋላ በየቀኑ መዓዛውን ስለሚያጣ ቀዝቅዞ ቶሎ መጠጣት አለበት።

ሲቀዳ ብርጭቆው ዘንበል ተደርጎ፣ ጠርሙሱ ሳይቆራረጥ በአንድ እጅ ይፈስሳል። ሥሩ ላይ የተኛው እርሾ መነሣት ሲጀምር ቀና ይደረግ፤ የቀረችው አንድ ጣት የምታህል ድፍርስ እዚያው ትቅር፣ ጠርሙሱም እድፉ ሳይደርቅ ወዲያው በሙቅ ውሃ ይለቅለቅ።